የእንግሊዝኛ መለማመጃ አፑ፦ ግስ ላይ ጎበዝ፣ መስተዋድድ ላይ ሰነፍ
ይሄን የዓረፍተ ነገር መለማመጃ አፕ ወድጄዋለሁ፣ ሙሉ ኮከብ ግን አልሰጠውም። ኃላፊ ጊዜ ላይ አንደኛ ነው። እንደ "ወርክድ" ያሉትን መደበኛ ግሶች ቶሎ ያልፍና "ጎ" ተቀይሮ "ዌንት" የሚሆነውን፣ "ፑት" ደግሞ ጭራሽ የማይለወጠውን እየደጋገመ ይጠይቃል፣ ጥያቄ ውስጥ "ዲድ" ሲገባ ግሱ ወደ መነሻው እንደሚመለስም በምሳሌ ያሳያል፤ ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ጋ ነው። አገናዛቢውም አይከፋም፦ "ሂዝ" እና "ኸር" የሚመረጡት በነገሩ ባለቤት ጾታ እንደሆነ በደንብ ያስይዛል። መስተዋድድ ላይ ግን ተበላሸ። "ኢን ጁላይ"፣ "ኦን መንደይ"፣ "አት ሲክስ ኦክሎክ" ብሎ ይደረድራል እንጂ ለምን እንደተለያዩ ትንፍሽ አይልም። ለወር ኢን፣ ለቀን ኦን፣ ለሰዓት አት ብሎ ቢጀምር ምን ነበረበት? ማስታወቂያውማ አይጣል ነው! ለጀማሪ ይሆናል፤ ለመስተዋድዱ ግን ሌላ ነገር ፈልጉ።