የታደሰው የኮንቴይነር ተርሚናል፦ በሩ ፈጣን፣ ቢሮው ያው

ሥራዬ ትራንዚተርነት ነው፤ የደንበኞችን ዕቃ ከወደብና ከጉምሩክ አስጨርሼ አስወጣለሁ። ወደብን የምመዝነው ሹፌር በር ላይ በሚያጠፋው ጊዜ ነው። በዚህ ሚዛን የታደሰው ተርሚናል አንጀቴን አርሶታል።

በሩ ላይ ካሜራ አለ። ታርጋውንም የኮንቴይነሩን ቁጥርም ራሱ ያነባል፤ ቀጠሮ ካለ በሩ ይከፈታል፣ አለቀ። የኮንቴይነሩ ቁጥር 4 ፊደልና 7 አሃዝ ነው። የመጨረሻዋ አሃዝ ከሌሎቹ ተሰልታ የምትወጣ ስለሆነች ካሜራው አንዷን በስህተት ቢያነብ ሲስተሙ ብዙ ጊዜ ወዲያው ይነቃበታል። በፊት እኮ መኪኖች ሞተር ሳያጠፉ ተሰልፈው ይውሉ ነበር።

ከሁሉ የወደድኩት ግን መርከብ መቆሚያው ላይ የተዘረጋውን ኤሌክትሪክ ነው። መርከብ ቆሞም መብራት፣ ፓምፕና ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ጀነሬተሩን ሲያንደቀድቅ ይውላል። እዚህ ወፍራም ኬብል ይሰካለትና ጀነሬተሩ ጸጥ ይላል። የጭነት ሠራተኞቹ ጥቀርሻ መዋጥ ቀነሰላቸው። በእርግጥ መሰኪያው የሌለው መርከብ አይጠቀምም። ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል የሚመነጭ ከሆነም ጭሱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም። (ይህን ብሮሹሩ አይነግራችሁም።)

ቢሮው ላይ ግን ተበሳጨሁ። በዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ደንብ የመርከብ መረጃ ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንድ የኤሌክትሮኒክ መስኮት (መረጃው ሁሉ በሚላክበት አንድ የጋራ ሲስተም) እንዲያልፍ ግዴታ ሆኗል። የእኔን የጭነት ሰነድ ግን በሲስተም ልኬው እንኳ «አትመህ፣ ማህተም አስመትተህ አምጣ» ተባልኩ። ምን የሚሉት ዘመናዊነት ነው?

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። የምትሄዱ ከሆነ ቀጠሮውን ቀድማችሁ ያዙ፤ ሰነዱንም አትማችሁ ሂዱ።