ኒው ኦርሊንስ ከሄዳችሁ ጋምቦውን ትሬሜ ብሉ

ኒው ኦርሊንስ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ፍሬንች ኳርተር ነው። እኛም ከዳላስ ነድተን እንደገባን እዚያው ሄድን። ሙዚቃው ያስደስታል፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር መንሸራሸሩም ደስ ይላል። ምግቡ ላይ ግን ተበላን። ስሙን የማልጠራው ቤት ውሃ ውሃ የሚል ጋምቦ አቅርቦ የማይቀመስ ዋጋ ጠየቀን። በማግስቱ ለምሳ ትሬሜ ሰፈር ያለው ዱኪ ቼዝ የሚባል ምግብ ቤት ገባን።

ጋምቦ ከሩዝ ጋር የሚበላ ወጥ ነው። ዱቄቱ በዘይት እየተማሰለ ቡናማ እስኪሆን ይቁላላል። ነገሩ እንደኛ የሽንኩርት ቁሌት ነው፤ ለቸኮለ አይሆንም፣ ካረረም ይደፋል። ቀጥሎ ሽንኩርት፣ ሴለሪና የፈረንጅ ቃሪያ ይገባል። የገጠሮቹ ኬጀኖች (ከካናዳ የመጡ የፈረንሳይ ሰፋሪዎች ዘሮች) አብዛኛውን ጊዜ ዶሮውን ከሶሴጅ፣ የባሕሩን ለብቻው ይሠራሉ። ይሄኛው ግን የከተማው የክሪዮሎች (የአፍሪካና የአውሮፓ ቅይጥ ባህል ያላቸው ሰዎች) ጋምቦ ነው፤ ሸርጣን፣ ሽሪምፕ፣ ዶሮና ሶሴጅ አንድ ድስት ውስጥ ናቸው። መረቁ ቀጠን ይላል፣ ጣዕሙ ግን ጥልቅ ነው። መጀመሪያ የባሕሩ፣ ቆይቶ የጭሱ ጣዕም ይመጣል። እኔ ሳህኑን በዳቦ ጠርጌዋለሁ።

ሚጥሚጣ የለመደ ምላስ ቅመም ያምረዋል፤ ግን ሳትቀምሱ እንዳትጨምሩ! ባራክ ኦባማ እዚሁ ቤት ጋምቧቸው ላይ ሆት ሶስ አፍስሰው ከቤቱ ዋና አብሳይ ከወይዘሮ ሊያ ቼዝ ተግሣጽ ቀምሰዋል።

አሁን ለኛ ሰው የሚሆን ማሳሰቢያ። ጋምቦው ውስጥ አሳማ አለ። ሸርጣንና ሽሪምፕ የማይበላም ብዙ ነው። ቀይ ባቄላ በሩዝ የጾም ይመስላል፣ እዚህ አገር ግን በአብዛኛው ከአሳማ ጋር ነው የሚቀቀለው። ጓደኛዬ ይሄን ሲሰማ የተጠበሰ ዶሮ አዘዘ። ቆዳው ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ አልደረቀም። ከኔ ሳህን አንዴም ሳይመኝ ጨረሰ።

ከሁሉ የገረመኝ የጸሎተ ሐሙሱ ነው። በዚያ ቀን ከብዙ ዓይነት ቅጠላ ቅጠል የሚሠራ አረንጓዴ ጋምቦ ያቀርባሉ፤ ሰው ለሱ ይሰለፋል። ጎመን ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ፣ ውስጡ ሥጋ ሞልቶታል። እነሱ ከስቅለት በፊት ጠግበው መብላታቸው ነው፣ እኛ ደግሞ በሰሞነ ሕማማት ጉልባን ላይ ነን።

ቤቱ የተከፈተው በ1941 (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) ነው። ጥቁርና ነጭ አብሮ መብላት በሕግ በተከለከለበት ዘመን የሁለቱም ወገን የመብት ታጋዮች ፎቅ ላይ አንድ ጠረጴዛ ከበው ይመክሩ ነበር፤ ማርቲን ሉተር ኪንግም ከመጡት አንዱ ናቸው። በ2005 የካትሪና አውሎ ነፋስ ያመጣው ጎርፍ ቤቱን ዋጠው፤ እስከ 2007 ተዘግቶ ቆየ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት የጥቁር አሜሪካውያን ሥዕሎች ግን ተርፈዋል። ወይዘሮ ሊያ በ2019፣ በ96 ዓመታቸው አረፉ። ወጥ ቤቱን አሁን የያዘው ቤተሰባቸው ነው።

ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ፣ በየቀኑም አይከፈትም። ከተቻለ ሥዕሎቹን ማየት ከሚቻልበት ጠረጴዛ አስቀምጡን በሏቸው። ምግቡ እስኪመጣ ስልክ ከማየት ይሻላል።