ለኮምቦልቻው ዘይት ቀያሪ ምስጋና፣ አሮጌ መኪና ላላችሁም ጥቆማ

«ሞተሯ መውረድ አለበት» የተባለች መኪና ዘይት ብቻ ተቀይሮላት ደህና ስትሆን ዝም ማለት ነውር ነው። ይህን ልጅ እወቁልኝ።

መኪናዋ የ1998 ሞዴል የናፍጣ ፕራዶ ናት፣ ባለ 3000 ሲሲና ባለ ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባው)። ሰማያዊ ጭስ ጀመረች። ስሙን የማልጠራው አንድ ጋራዥ ኮፈኑን እንኳ በወጉ ሳያይ «ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ጨርሷል» ብሎ ፈረደባት፤ እስከዚያው ብሎም 20-50 የሚባለውን ወፍራም ዘይት ሞላባት። ይቺ «ላረጀ ሞተር ወፍራም ዘይት» የምትባል ነገር ስንቱን አክስራለች! በደሴ የጠዋት ብርድ ወፍራም ዘይት ወደ ላይ ለመድረስ ይዘገያል። ቀዩ የዘይት መብራት ቶሎ አይጠፋም፣ ቫልቮቹ ይንቋቋሉ፣ ቱርቦውም ያለ በቂ ዘይት ይሽከረከራል። ሞተር ክፉኛ የሚበላው ደግሞ እነዚያ የመነሻ ሰከንዶች ላይ ነው። ሌላ ቦታ በተቃራኒው ቀጭን 5-30 አቀረቡልን፣ ያውም የቤንዚን።

የኮምቦልቻው ልጅ «አብሽሩ፣ መጀመሪያ እንለካው» አለ። ሞተሩ ሞቆ ስለነበር ዘይቱን ምልክት ባለው ጄሪካን ቀዳው፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠበቀ። ስምንት ሊትር ተኩል ወጣ! ይህ ሞተር ከነፍልትሮው የሚይዘው ወደ 7 ሊትር ነው። ዘይት ሲበዛ ክራንክ ሻፍቱ (የሞተሩ ዋና ዘንግ) እየመታው አረፋ ያደርገዋል፤ በመተንፈሻው ቱቦ አልፎ ወደ አየር ማስገቢያው ይገባና ይቃጠላል። ልጁ ቱቦውን ነቅሎ በነጭ ጨርቅ ጠረገና ጨርቁን አሳየን። በዘይት ርሷል። ጭሱ ከዚያ ነበር፤ ፋሻው ምንም አልሆነም።

የሞላላት 15-40 ነው። ጣሳው ላይ ሲ.አይ 4 የሚለውን በጣቱ አሳየን። በኤ.ፒ.አይ (የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም) ምድብ በኤስ የሚጀምር ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምር ለናፍጣ ነው፤ የናፍጣው ጥላሸቱን በውስጡ አንጠልጥሎ እንዲይዝ ተደርጎ ስለሚሠራ ቶሎ ቢጠቁር አትደንግጡ። አዲሱን ፍልትሮ ጎማውን ዘይት ቀብቶ በእጁ አሰረው፣ ጎማው ከነካ በኋላ ሦስት ሩብ ዙር ብቻ። የመድፊያውን ቡሎን ቀለበትም ቀየረ። በረጅም ቧንቧ እየተጠመዘዘ ጥርሱ ያለቀ ስንት ቡሎን አለ።

ከዚያ ስድስት ሊትር ተኩል ብቻ ጨመረ። አስነስቶ ጋዝ ሳይረግጥ መብራቱ እስኪጠፋ ጠበቀ፤ አጥፍቶ አሥር ደቂቃ ቆየና ሜዳ ላይ ለካ። ቀስ እያለ ጨምሮ በላይኛውና በታችኛው ምልክት መካከል፣ ወደ ላይኛው ጠጋ ሲል አቆመ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ትንሽ ይጨመርበት» ይላል።

የተረፈውን ዘይት ክዳኑን አጥብቆ «ይሄ የናንተ ነው» ብሎ ሰጠን። ስንት ቦታ ነው የተረፈ ዘይት ለባለቤቱ የሚመለሰው? በካርቶን ቁራጭ ላይ ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩንና የዘይቱን ዓይነት ጽፎ ኮፈኑ ሥር በሽቦ አሰረ፤ ቀጣዩ ከ5000 ኪሎ ሜትር በኋላ። የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ ስትገቡ ወዲያው አታጥፉ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ትንፋሽ ትውሰድ፣ ቱርቦው ይቀዝቅዝ አለን። የጠየቀው የእጅ ዋጋውን ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ ከ2000 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደች። ጭስ የለም፣ መለኪያውም እምብዛም አልወረደም። ወንድማችን፣ አላህ ይስጥልን፣ እግዜር ያክብርልን።

አሮጌ ፕራዶ፣ ራቭ ፎር፣ ቪታራ ያላችሁ፣ «ሞተር ይውረድ» ከመባላችሁ በፊት ሂዱለት። የሞተሩን ዓይነት የሚገልጸውን ወረቀት ያዙ፣ ሊትሩ በእሱ ነው የሚታወቀው። ዓርብ ከሆነ ከሰላት በፊት ድረሱ፤ ለሰላት ይዘጋል።