የማህጸን በር ምርመራ፦ አሴቲክ አሲድ ወይስ ኮልፖስኮፒ?
ሐረር ጁገል ያሉ እህቶቻችን ስለ ማህጸን በር ካንሰር ምርመራ ሲጠይቁ ሁለቱ ዘዴዎች ይምታቱባቸዋል። በመጀመሪያው፣ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ (በኮምጣጤ ውስጥ ያለው አሲድ) በጥጥ ተቀብቶ 1 ደቂቃ ያህል ከተጠበቀ በኋላ፣ የቅድመ ካንሰር ምልክት ሊሆን የሚችል የነጣ ቦታ መኖር አለመኖሩ በዓይን ይታያል፤ ውጤቱ ወዲያው ስለሚነገርና ለሕክምናው የምትመች ሴት በዚያው ቀን ልትታከም ስለምትችል፣ ከሩቅ ቀበሌ በእግሯ ለመጣች እናት ትልቅ እፎይታ ነው።

ኮልፖስኮፒ የማህጸን በርን አጉልቶ በሚያሳይ መሣሪያ የሚደረግ ምርመራ ሲሆን፣ መሣሪያው ብዙዎች እንደሚፈሩት ሳይሆን ከሰውነት ውጭ ይቆማል። ሐኪሙ ከተጠራጠረው ቦታ ትንሽ ናሙና ሲወስድ ለአፍታ ቁርጠት ሊሰማ ይችላል፤ የፓቶሎጂው (የናሙናው የላቦራቶሪ ምርመራ) መልስም ቀናት ወይም ሳምንታት ይወስዳል።

ምንም ሕመም ለማይሰማት የ35 ዓመት ሴት የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ከግንኙነት በኋላ ለምትደማ ሴት ግን በእሱ ብቻ መርካት አይገባም፤ ናሙና የሚወሰድበት ምርመራ ያስፈልጋት እንደሆነ ሐኪሟን ሳትዘገይ ትጠይቅ።