ድሮ ወይስ ዘንድሮ?

የምጽፈው ከቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከአራተኛ ፎቅ ነው።

ጤና፦ እዚህ ላይ ክርክር የለም። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። «ድሮ ቀረ» የምትለው እናቴ ራሷ ሁለት ልጆች ቀብራለች።

ገንዘብ፦
ድሮ፦ ዕቁብ። እጅ ሲያጥርሽ «የኔን ዕጣ ውሰጂ» የሚል አይጠፋም።
ዘንድሮ፦ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር። እኩለ ሌሊትም ይላካል፣ ግን ፊትሽን አይቶ አያዝንም።

ጎረቤት፦
ድሮ፦ ቡና ሲፈላ ልጅ ይላካል። (ሽሮሽ መቅጠኑንም ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሱ አይናፍቀኝም።)
ዘንድሮ፦ የብረት በር። ባለፈው ወር ከታች ፎቅ ሰው መሞቱን ያወቅሁት ግቢው ውስጥ ድንኳን ሲተከል ነው። ሦስት ዓመት አንድ ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ ኖረን ስማቸውን የሰማሁት ለቅሶ ላይ ተቀምጬ ነው።

መንገድ፦ ያኔ በእግር፣ አሁን በታክሲ ሰልፍ። ያው ነው።

ነፍሰ ጡር ወይም በሽተኛ ላለበት ቤት ዘንድሮ ይሻላል። ብቻቸውን ለሚያረጁ ድሮ። እንደኔ ጠዋት ልጇን ለጎረቤት ጥላ ሥራ መሮጥ ለምትፈልግም ድሮ፤ ልጁ ሌሊት ካተኮሰው ግን ዘንድሮ።