የዛገ የብረት ቸርኬ፦ ይታደስ፣ ያገለገለ ይገዛ ወይስ በአዲስ ይቀየር?

የመኪናዬ የኋላ ግራ ጎማ በየሳምንቱ ይተነፍስ ነበር። ጎሚስታው ውሃ ውስጥ ነክሮ ምስማር ፈለገ፤ የለም። ቫልቩን ቀየረልኝ፤ በሳምንቱ ያው። ሌላ ጎሚስታ ጋ ስወስደው ሳሙና በውሃ በጥብጦ ጎማውና ቸርኬው የሚገናኙበትን መስመር ዙሪያውን በብሩሽ ቀባው። አንድ ስንዝር በሚሆን ቦታ ላይ ጥቃቅን አረፋ ፈላ። ጎማው ሲወልቅ የቸርኬው ጠርዝ ላይ ዝገቱ እንደ ቅርፊት ተነስቶ ነበር፤ በጥፍሬ ስነካው ይረግፋል። የሚገርመው፣ ከውጭ ሲታይ ከአራቱ ቸርኬዎች ንጹሑ እሱ ነበር። በጣም የዛገ የሚመስለው የፊት ቀኙ ግን እስከ ዛሬ አንድም ቀን ተንፍሶ አያውቅም።

ስለዚህ "ቸርኬዬ ዝጓል፣ ላድሰው ወይስ ልቀይረው?" ለሚል ሰው የእኔ ጥያቄ "የቱ ጋ ነው የዛገው?" የሚል ነው። ብዛቱ ሁለተኛ ነገር ነው።

ዝገቱ ያለበት ቦታ

የብረት ቸርኬ ሁለት አካል ነው፦ ጎማውን የሚሸከመው ክብ በርሜልና ዳዶ (የጎማ ማሰሪያው ፍሬ) የሚታሰርበት መሃለኛው ዲስክ። ሁለቱ በብየዳ ይያያዛሉ። ዝገት ከተነሳበት ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከስር እያነሳ ይሄዳል፤ ለዚህ ነው ትንሽ ጭረት በጊዜው ካልተነካች ውላ አድራ መዳፍ የምታህለው። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም ጎማ ሲወልቅ ማሽኑ በጫረው ቦታ ወይም የባላንስ እርሳስ (የጎማ ሚዛን ማስተካከያ ክብደት) በመዶሻ በተመታበት ጠርዝ ላይ ነው።

የውጩ ገጽ ላይ ያለ ቀይ ዝገት ለዓይን ያስጠላል እንጂ መንዳት አይከለክልም። ጎማው ተጭኖ የሚቀመጥበት ጠርዝ ላይ ያለው ግን አየር ያስተነፍሳል፤ ቢሆንም ብዙ ጊዜ ይታደሳል። ከሞዞው (ቸርኬው ከሚታሰርበት የመኪናው አካል) ጋር የሚገጥመው የጀርባው ፊት ላይ ዝገት ከተቆለለ ቸርኬው ቀጥ ብሎ አይቀመጥም፤ መሪ ይንቀጠቀጣል፣ ዳዶም ይላላል። ይህም በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል። የሚያስፈራኝ አራተኛው ነው፦ የዳዶ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ፣ የአየር መስኮቶቹ ጥግና የብየዳው መስመር። እዚያ ቀጭን የዝገት መስመር፣ ፀጉር የመሰለ፣ ካያችሁ ስንጥቅ ሊሆን ይችላል። የተሰነጠቀ ቸርኬ ደግሞ አይበየድም። "በይደነው እንሄዳለን" የሚል ሰው አይጠፋም፤ የተበየደው ቦታ ቢይዝ እንኳ አጠገቡ ያለው ብረት በሙቀቱ ባህርዩ ስለተለወጠ ቀጣዩ ስንጥቅ ከዚያው ጎን ይነሳል።

ለመለየት ቀላሉ መንገድ ካቻቢቴ ነው። ዝገቱን በጫፉ ጫን ብላችሁ ፋቁት። ቅርፊቱ ረግፎ ስሩ ጠንካራ ብረት ከሆነ ይታደሳል። ካቻቢቴው ከገባ፣ ወይም ጉድጓዱ ጥልቅ ሆኖ ብረቱ መሳሳቱ ከታወቀ፣ ለዚያ ቸርኬ ቀለም መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

በእጅ ማደስ

ከሁሉም የሚረክሰው ይህ ነው፤ ጉልበትና ጊዜ ካልተቆጠረ። ሰው የሚረሳው ወጪ ግን አለ፦ ጎማ ማስወለቅ፣ መልሶ ማስገጠምና ባላንስ ማስደረግ። ጎማው ሳይወልቅ ዙሪያውን በጋዜጣ ሸፍኖ ስፕሬይ መንፋት ይቻላል፤ ግን የሚታደሰው ፊቱ ብቻ ነው። አየር ለሚያስተነፍስ ቸርኬ ምንም አይፈይድም።

ስለዚህ ማደስ የሚያዋጣው ጎማ ልትቀይሩ በምትሄዱበት ጊዜ ነው። አሮጌው ጎማ መውለቁ ካልቀረ ቸርኬውን ጥቂት ቀን ቤት አቆይቶ መስራት ተጨማሪ የጎሚስታ ክፍያ አያስወጣም።

ሥራው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ጭቃውንና ግራሱን በሳሙና ማጠብ። ቅባት ያለበት ብረት ላይ ብሩሽ ማዞር ቅባቱን ማሰራጨት ነው። ከዚያ ግራይንደር ላይ በሚገጠም የሽቦ ብሩሽ መፋቅ፤ መነጽር ሳያደርጉ ግን በፍጹም፣ ሽቦው እየተነቀለ ይፈናጠራል። ግራይንደር የሌለው ሰው በኮምጣጤ ሊነክረው ይችላል። ተራ ኮምጣጤ 5 በመቶ ያህል አሴቲክ አሲድ አለው፤ ዝገቱን ያላላዋል፣ ግን አንድ ሌሊት ወይም ሙሉ ቀን ይፈልጋል፤ ቸርኬ የሚያጠልቅ ዕቃና ብዙ ሊትርም ያስፈልጋል። ሲወጣ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ታጥቦ ወዲያው መድረቅ አለበት። እርጥቡን ትታችሁ ምሳ በልታችሁ ስትመለሱ ብርቱካናማ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ጉድጓድ ውስጥ የቀረውን ዝገት የሚለውጥ ፈሳሽ ይሸጣል። አብዛኛው ፎስፎሪክ ወይም ታኒክ አሲድ ያለው ሲሆን ቀዩን ዝገት ወደ ጥቁር፣ ቀለም ወደሚቀበል ሽፋን ይቀይረዋል። ነገር ግን የሚሠራው ከብረቱ ጋር በተጣበቀው ስስ ዝገት ላይ ነው። በተላላው ቅርፊት ላይ ከቀባችሁት ቅርፊቱ ከነፈሳሹ ይረግፋል።

ቀለሙ ላይ ሰው የሚሳሳተው በውፍረት ነው። አንቲረስት (ዝገት የሚከላከል መነሻ ቀለም)፣ ከዚያ ቀለም፣ ሁለቱም በስሱ፣ ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ በየመሃሉ እየደረቀ። አንዴ ወፈር አድርጎ መንፋት ያንጠባጥባል፤ ከላይ ደርቆ ከስሩ ለስላሳ ይቀራል። የመጀመሪያውን ቸርኬ የቀባሁ ዕለት በማግስቱ ጎሚስታ ጋ ወሰድኩት፤ የማሽኑ ክንድ ጠርዙን ሲነካው ቀለሙ እንደ ላስቲክ ተገፈፈ። ስነካው ደርቆ ነበር፣ ግን አልጠነከረም። ከዚያ ወዲህ ቢያንስ አምስት ስድስት ቀን ሳላቆይ አልሄድም።

ቀለም የማይነካቸው ቦታዎችም አሉ፦ ዳዶው ሾጥጦ የሚቀመጥባቸው ቀዳዳዎችና ሞዞውን የሚነካው የጀርባ ፊት። እዚያ ያለ ወፍራም ቀለም በጭነቱ ይሳሳል፤ በሳሳው ልክ ዳዶው ይላላል። አሮጌ ዳዶ ቀዳዳዎቹ ላይ ደፍቶ፣ ጀርባውን በማጣበቂያ ወረቀት ሸፍኖ መንፋት ነው።

አሸዋ ማስነፋትና የዱቄት ቀለም

በእጅ ከሚሠራው በጥራት ይበልጣል፤ አሸዋው በአየር ግፊት እየተነፋ ምንም ብሩሽ የማይደርስበት ጥግ ድረስ ይጸዳል። ከዚያ የቀለሙ ዱቄት በኤሌክትሪክ ተስቦ ብረቱ ላይ ይለጠፍና 180 እስከ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ምድጃ ቀልጦ ይጠነክራል። ስለዚህ ጎማውም ቫልቩም መውጣት አለባቸው። ጠጠር በቀላሉ አይቧጭረውም።

ሁለት ነገር ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ። አንደኛ፣ የዳዶ ቀዳዳዎቹና የጀርባው ፊት ይሸፈኑ፤ የዱቄት ቀለም ወፍራም ስለሆነ ከላይ ያልኩት መላላት እዚህ ይብሳል። ሁለተኛ፣ ሲነፋ ያልታየ ስንጥቅ ወይም ቀዳዳ ከወጣ ደውላችሁ ንገሩኝ በሉ፤ ያለዚያ አምሮ ተቀብቶ የሞተ ቸርኬ ይመጣላችኋል። ዋጋውን ደግሞ አራት ያገለገሉ ቸርኬዎች ከሚሸጡበት ጋር ሳታስተያዩ አትስማሙ። ለተራ የብረት ቸርኬ ሁለቱ ብዙም አይራራቁም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ማስነፋቱ ይበልጣል። ለእኔ ይህ መንገድ ትርጉም የሚሰጠው ምትኩ ለማይገኝ መኪና ነው።

ያገለገለ መግዛት

አንድ ቸርኬ ብቻ ከተበላሸ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ግን "ያንተ መኪና ነው፣ ይገጥማል" የሚል ቃል አይበቃም። የድሮውን ቸርኬ ገልብጡና ብረቱ ላይ የተቀረጸውን አንብቡ። ለምሳሌ 6 ጄ × 15 ኢቲ 45 ቢል፣ ወርዱ 6 ኢንች (ጄ የጠርዙ ቅርጽ ምልክት ነው)፣ ዲያሜትሩ 15 ኢንች ሆኖ፣ ኢቲ ማለት ቸርኬው ከሞዞ ጋር የሚገጥምበት ፊት ከወርዱ መሃል መስመር በስንት ሚሊሜትር እንደራቀ ነው። ኢቲው ካነሰ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ከበዛ ወደ ውስጥ ይገባና ከፍሬኑ ወይም ከሾክ አብዞርበሩ ጋር ሊነካካ ይችላል።

ከዚያ የዳዶው ክብ አለ። 4×100 ማለት አራት ቀዳዳ፣ በ100 ሚሊሜትር ክብ ላይ ማለት ነው። ወጥመዱ የሚቀራረቡት ናቸው፦ 4×98 እና 4×100፣ 5×112 እና 5×114.3። በዓይን አይለዩም፤ በጉልበትም ሊገቡ ይችላሉ። ሁለቱ ዳዶ ጥሩ ይይዛል፣ የቀሩት በጎን ተጭነው ይታሰራሉ፣ ቡሎኑም እየታጠፈ ይኖራል። የመሃሉን ቀዳዳም ለኩ። 5×114.3 የሆኑ ብዙ ቶዮታዎች 60.1 ሚሊሜትር፣ ሆንዳዎች 64.1፣ ሂዩንዳይና ኪያ 67.1 ናቸው። ስለዚህ የዳዶው ክብ አንድ ሆኖ የሆንዳ ሞዞ በቶዮታ ቸርኬ ላያልፍ ይችላል።

ቁጥሩ ከገጠመ በኋላ ፍተሻው ይመጣል። ሻጩ ፈቃደኛ ከሆነ ባላንስ ማሽን ላይ አስገጥሙና ያለ ጎማ ይዙር፤ ካልሆነ መኪናችሁን በክሪክ አንስታችሁ ግጠሙት። እርሳስ ወይም እስክሪብቶ አንድ ቦታ አስደግፋችሁ ጠርዙን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ያዙና አዙሩ። ክፍተቱ እየጠበበና እየሰፋ ልዩነቱ ከ1 ሚሊሜትር ብዙ ካለፈ ተመልሶ ይሰጠው። ጠርዙ ላይ በትንሹ ጎድጎድ ያለ ብረት ይቀናል፤ የብረት ቸርኬ ትልቁ በጎነቱ ሲመታ መታጠፉ ነው። የዳዶ ቀዳዳው ሞላላ የሆነ ግን ተላልቶ የተነዳ ነውና ይለፋችሁ። በጥቁር ቀለም ትኩስ የተቀባ ያገለገለ ቸርኬ ካጋጠማችሁ የጀርባውን ገጽ ሳታዩ ገንዘብ አታውጡ። ዝገቱ ሳይፋቅ ከላይ የተሸፈነ ከሆነ በካቻቢቴ ጫፍ ይታወቃል።

አዲስ

አዲሱ ላይ የሚባል ብዙ የለም። ቁጥሩ ትክክል ከሆነ ችግሩ ዋጋው ብቻ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ጥቁር ቀለም ስስ እንደሆነ ግን ልብ በሉ፤ ከመግጠማችሁ በፊት በስሱ አንድ ዙር መቀባት ዕድሜውን ያረዝማል።

"ከዚህ ሁሉ አሉሚኒየም ልግዛ" የሚል ሐሳብ የማይመጣለት የለም። አሉሚኒየም እንደ ብረት ቀይ ዝገት ባይኖረውም ጎማው የሚቀመጥበት ጠርዝ ላይ ነጭ ዱቄት እያበቀለ እሱም ያስተነፍሳል። ጉድጓድ ሲመታው ደግሞ ብረቱ በሚታጠፍበት ቦታ እሱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ዳዶውም ብዙ ጊዜ ይለያል፤ ሾጣጣ፣ ክብ ወይም ጠፍጣፋ ከዋሸራ ጋር። ዳዶ ሳይቀይር ቸርኬ የሚቀይር ሰው ነገሩን በግማሽ ነው የሠራው።

ርካሽ መሸፈኛዎቹ

የፕላስቲክ ክዳን ለገጽ ዝገት መጥፎ አይደለም። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ሥራ ነው፤ ዝገቱን ግን አያቆምም፣ ከኋላው ጭቃና እርጥበት ይዞ ይኖራል። ቱቦ አልባ ጎማ ውስጥ ከመነዳሪ አስገብቶ መንዳት ግን አልወደውም። የሻከረው ዝገት ከመነዳሪውን ቀስ እያለ ይበላዋል። ከመነዳሪ ሲፈነዳ ደግሞ አየሩ ቱቦ አልባ ጎማ እንደሚያስወጣው በዝግታ አይወጣም።

የቱን ልምረጥ?

አንድ ቸርኬ ከሆነና ስንጥቅ፣ ብዙ መታጠፍ ወይም ጥልቅ ጉድጓድ ካለበት፣ ያገለገለ ግዙ፤ ቁጥሩ አንድ መሆኑን እርግጠኛ እስክትሆኑ ድረስ አትቸኩሉ። አራቱም ከውጭ ብቻ ከዛጉና ጎማዎቹ ገና አዲስ ከሆኑ ጎማ ሳታስወልቁ ፊታቸውን ፍቃችሁ ቀቡ። አራቱም ጠርዛቸው ከዛገና ጎማው ሊያልቅ ከተቃረበ፣ ጎማው እስኪያልቅ በየሳምንቱ እየነፋችሁ ቆዩና በአንድ ጊዜ በእጅ አድሱ። አየሩ በቀናት ውስጥ ከወረደ ግን አይጠበቅም፤ በዝቅተኛ አየር የተነዳ ጎማ ጎኑ ይበላሻል፤ ያኔ ጎማም ቸርኬም ትገዛላችሁ። አዲስ ቸርኬ የምመክረው ያገለገለው ሁሉ ተፈልጎ እንከን ከተገኘበት በኋላ ነው። የዱቄት ቀለም ደግሞ ምትክ ቸርኬ ለማይገኝለት መኪና።

የቱንም ብትመርጡ ስትገጥሙ ሞዞውን በሽቦ ብሩሽ ፋቁት፤ ንጹሕ ቸርኬ ቆሻሻ ሞዞ ላይ ማሰር ዋጋ የለውም። የመሃሉን ቀለበት በስሱ ግራስ ቀቡት፣ ቡሎኑን ግን አትንኩት፤ የተቀባ ቡሎን ከሚገባው በላይ ይጠብቃል። አዲስ ቫልቭ አስገቡ። ዳዶዎቹን ፊት ለፊት የሚተያዩትን እያፈራረቃችሁ እያሰራችሁ፣ መጨረሻውን መኪናው መሬት ላይ ሆኖ በመመሪያው ልክ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው) አጥብቁ፤ ብዙ ትናንሽ መኪናዎች 100 ኒውተን ሜትር አካባቢ ይሆናሉ። ከ50 እስከ 100 ኪሎሜትር ከነዳችሁ በኋላ መልሳችሁ ፈትሹ። የኋላ ግራዬን ቀብቼ ስገጥም ይህን ረስቼ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን መፍቻውን ሳሳርፍበት ከአምስቱ ዳዶዎች ሁለቱ ሩብ ዙር ሄዱ።