ኖቨስ 1፣ 2፣ 3፦ ጭረት ለያዘው ተነቃይ የፕላስቲክ ጣራ

ድሬዳዋ ላይ ጣራዋ የሚነሳ የስፖርት መኪና ብዙ አትታይም። ያለው ሰው ግን ችግሩን ያውቀዋል። ኮርቬትን በመሳሰሉት ላይ በአማራጭነት የሚገኘው ብርሃን አሳላፊ ጣራ ፕላስቲክ ነው፤ ፕላስቲክና የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ደግሞ አይስማሙም። ጭረቱ የሚመጣው መንገድ ላይ ብቻ አይደለም፤ ጣራው ተነስቶ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ሲገባ ከሥሩ አቧራ ካለ እዚያው ሲፋቅ ይውላል። ኖቨስ ለዚህ ሥራ ከሚታዘዙት ማጽጃዎች አንዱ ነው። 1 ቁጥር ማጽጃና ማንጸባረቂያ፣ 2 ቁጥር ስስ ጭረት ማጥፊያ፣ 3 ቁጥር የከባድ ጭረት ነው።

ዕቃው ጥሩ ነው። ጥፋት የሚመጣው 3 ቁጥርን ያለ ቦታው ሲጠቀሙበት ነው። ፖሊካርቦኔት ከሚባለው ፕላስቲክ የተሠራ ጣራ ከፋብሪካ ሲወጣ ጠንካራ ልባስ ይቀባል፤ የድሬን ፀሐይ የሚችለው እሱ ልባስ እንጂ ፕላስቲኩ ራሱ አይደለም። 3 ቁጥር ሻካራ ስለሆነ ልባሱን ይበላዋል። ለጊዜው ጥርት ይላል፣ ከዚያ ቢጫ መሆንና መደብዘዝ ይጀምራል። ጣራው አክሪሊክ የሚባለው ሌላው ፕላስቲክ ከሆነ በድፍረት መፈተግ ይቻላል፣ እሱም ልባስ የሌለው ከሆነ። ለመለየት የጣራውን ጠርዝና የውስጥ ፊት መፈለግ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፒሲ ወይም ፒኤምኤምኤ የሚል ምልክት ታትሞበት ይገኛል። የመጀመሪያው ፖሊካርቦኔት፣ ሁለተኛው አክሪሊክ ነው። ልባሱ እንደ ቅርፊት መላጥ ከጀመረ ግን የትኛውም ጠርሙስ አያድነውም። አሮጌው ልባስ በሙሉ ተነስቶ የፀሐይ ጨረር የሚከላከል አዲስ ልባስ መቀባት አለበት።

አሠራሩ ላይ ሰው የሚቸኩለው እጥበቱን ነው። ጣራውን ለሁለት ሆኖ ማንሳት፣ ንጹሕ ብርድ ልብስ ላይ ማስተኛት፣ ብዙ ውኃ ማፍሰስ፣ ከዚያ በሳሙና ውኃ በእጅ መዳሰስ። በጨርቅ መጀመር የለም፤ ጨርቁ አሸዋውን ይዞ ይዞራል። በቤንዚን፣ በቲነር፣ በአሴቶን ወይም አሞኒያ ባለው የመስታወት ማጽጃ መጥረግ ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም። ጋራዥ ውስጥ ቤንዚን የነካው ጨርቅ ለሁሉም ነገር ስለሚያገለግል ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል። ፕላስቲኩ ውስጥ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ መረብ ከሠራ ወዲያ የሚወጣበት መንገድ የለም።

ዙሪያውን ያለውን ጎማ በወረቀት ፕላስተር መሸፈን ነው፤ ደርቆ የቀረ ነጭ ቅሪት ከጎማው ስንጥቅ በቀላሉ አይለቅም። ጠርሙሱን በደንብ መናጥ። ልባስ በሌለው አክሪሊክ ላይ 3 ቁጥርን በለስላሳ ጨርቅ፣ ጭረቱን አቋርጦ ወዲያና ወዲህ፣ ስስ ሽፋን ብቻ እስኪቀር ድረስ። ጠርጎ በአዲስ ጨርቅ 2 ቁጥርን በክብ እንቅስቃሴ፣ በመጨረሻም 1 ቁጥር። ለየቁጥሩ የየራሱ ጨርቅ ይኑር፤ የ3 ቁጥር ጨርቅ ለ2 ቁጥር ከዋለ የጠፋው ጭረት ተመልሶ ይመጣል።

ጥፍር ሲያልፍበት የሚይዝ ጭረት ግን የኖቨስ ሥራ አይደለም። ልባስ በሌለው አክሪሊክ ላይ በ1000 ብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ 1500፣ 2000 እያሉ፣ ቢገኝ እስከ 3000፣ ጠብታ ሳሙና ባለው ውኃ እያረጠቡ መፈተግ ነው። በየቁጥሩ አቅጣጫውን ማዞር፣ የፊተኛው መስመር ፈጽሞ ሳይጠፋ ወደሚቀጥለው አለመሄድ። ጭረቱን ብቻ ለይቶ መፈተግ ቦታውን ያጎድጉደዋል፤ ከውስጥ ሆነው ሰማዩን ሲያዩ ይዋዥቃል። ስለዚህ ዙሪያውን አስፍቶ መያዝ። በማሽን ለሚያሹት ፍጥነቱ ዝቅ ይበል፤ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ አክሪሊኩ ሞቆ ይለሰልስና ይጎዳል።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ፀሐይ የመታው ጣራ ላይ ፈሳሹ ሳይሠራ ይደርቃል። የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ቀዝቀዝ ያለው ሐረር ላይ የሚሠራ ሰው ብዙ አይቸገርም፤ ድሬ ላይ ግን ጥላ ሥር፣ በጠዋት 12 ሰዓት ተጀምሮ ረፋድ 3 ሰዓት ላይ ማለቅ አለበት። ከቀትር በኋላማ ሙቀቱ ቢቀር ሠራተኛ ማግኘቱም ሌላ ሥራ ነው።

ሦስቱን እኩል መጠን መግዛት አያስፈልግም። ቶሎ የሚያልቀው 2 ቁጥር ስለሆነ እሱን በ8 ኦንስ፣ ማለትም በ237 ሚሊ ሊትር፣ 3 ቁጥርን ደግሞ በትንሹ ጠርሙስ ማዘዝ ይበቃል። ፖሊካርቦኔት ጣራ ያለው ሰው 1 ቁጥርን ብቻ ይግዛ፣ 2 ቁጥር በእጁ ካለም ጥግ ላይ በትንሹ ሳይሞክር ሙሉውን አይንካው።